ዘሃራ የተዳረች ዓመት

የእንሶስላ ሥር ሲወቀጥ የሚያወጣው ሽታ ከእርጥብ አፈርና ከተቀጠቀጠ ቅጠል መሃል ያለ፣ ትንሽ ጎምዘዝ የሚል ሽታ ነው። ባለፈው ክረምት ከገበያ ስመለስ ከአንድ ግቢ ውስጥ ሙቀጫ ሲመታ ሰማሁና፣ ሽታው አጥሩን አልፎ መጣብኝ፤ እኔም የያዝሁትን ዘንቢል መሬት አስቀምጬ፣ ካፊያው እየወረደብኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ወጣት ሴት ከበሩ ብቅ ብላ «እናቴ፣ ምነው ደከመዎት?» ብትለኝ፣ «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» ብያት መንገዴን ቀጠልሁ።

ቤታችን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሠፈር፣ ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ነበረች። አባቴ ከሐረር በኩል በሥራ የመጣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ እናቴ ደግሞ የደንቢያ ሰው ነች። ያላቸው ልጅ እኔ ትርሲት ብቻ ነበርሁ። ከእኛ ግቢ ጋር በባሕር ዛፍ አጣና አጥር የሚዋሰነው ቤት የጨርቅ ነጋዴው የጋሽ ሰይድ ነበር። ሚስታቸው እትዬ ከድጃ ይባሉ ነበር፤ ዘሃራ የመጨረሻ ልጃቸው ስትሆን፣ እኔን በአንድ ዓመት ትበልጠኝ ነበር።

አባቴን የወሰዱት ከአብዮቱ በኋላ፣ በሐምሌ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ከግቢያችን በር ሲደርስ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ጠበቁት። ውኃ ልጠጣ ብሎ ለመናቸውና ፈቀዱለት፤ እናቴ በጣሳ ይዛ ወጣች፣ እሱም ቆሞ ጠጣ፣ ጣሳውን ለእኔ አቀበለኝና «በርቺ» ብሎኝ ሄደ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተናግሮ ነው ይባል ነበር፤ ምን እንደተናገረ ግን ዛሬም በውል አላውቅም።

ከዚያን ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ጠፋ። ከእናቴ ጋር ማኅበር ይጠጡ የነበሩ ሴቶች እሷን ከሩቅ ሲያዩ ወደ ሌላው የመንገድ ጥግ ይሻገሩ ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም፤ የታሰረ ሰው ሚስት ሰላም ማለት ራሱ ያስጠይቅ ስለነበር ነው። እናቴ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ትሄድና፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከተመለሰላት በሕይወት አለ ብላ ትጽናና ነበር። እኔን በየማለዳው ከበር ላይ ይዛ፣ «ከትምህርት ቤት ቀጥ ብለሽ ወደ ቤት። ከማንም ጋር አታውሪ። ስለ አባትሽ ሲጠይቁሽ አላውቅም በይ» ትለኝ ነበር። ማታ ማታ እራታችንን በልተን፣ እሷ ጥጥ እየፈተለች እኔ ጥናቴን ይዤ፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ እንተኛ ነበር።

እትዬ ከድጃ ብቻ አልራቁንም። ጠዋት በግልጽ፣ ሰው እያያቸው፣ በር አንኳኩተው ይገቡ ነበር። ሥጋቸውን እንደማንበላ ስለሚያውቁ ምስሩን፣ ሽሮውን ለብቻ በንጹሕ ድስት ሠርተው ያመጡልን ነበር። እናቴ «ይቅርብዎ፣ በእኛ ምክንያት እርስዎንም ይይዙዎታል» ስትላቸው፣ «ጎረቤት ለሠርግ ብቻ ነው እንዴ? ብይ አሁን፣ ልጅሽንም አብያት» ይሉ ነበር። ዘሃራ ከኋላቸው ትገባና፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ ከእኔ አጠገብ መደቡ ላይ ትቀመጥ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ልብስ ልናጥብ ወደ ሐይቁ ዳር አብረን መሄድ ጀመርን። እናቴ ይህን ብቻ ትፈቅድልኝ ነበር፤ ልብስ መታጠብ አለበትና። ከደቅ ደሴት በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ቀስ እያሉ ሲመጡ፣ ዘሃራ ቀሚሷን በድንጋይ ላይ እየወቃች ትዘፍን ነበር። ድምፅዋ ለዕድሜዋ የከበደ፣ ከታች የሚነሣ ድምፅ ነበር፤ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ቀዘፋቸውን አቁመው ይሰሟት ነበር። እኔ ያጠብሁትን መልሼ እያጠብሁ፣ እዚያው እንድንቆይ ብቻ እመኝ ነበር።

ምን እንደያዘኝ አላወቅሁም። ወደ ቤት ስመለስ የአጥሩን ማዶ አደምጥ ነበር፤ በር ሲከፈት፣ ባልዲ ሲቀመጥ፣ እሷ መሆን አለመሆኗን ከእርምጃዋ እለይ ነበር። አንድ ቀን ሳትመጣ ስትቀር እህል አልወርድ ይለኝና፣ እናቴ ግንባሬን ዳብሳ ወባ ይሆን እያለች ትሰጋ ነበር።

በበጋው አጋማሽ ዘሃራን ለቀበሌው የኪነት ቡድን መረጧት። መምረጥ ነው የሚባለው እንጂ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። አብዮቱን የሚያወድሱ መዝሙሮችን አስጠንተው፣ ካኪ አልብሰው፣ በበዓል ቀን አደባባይ ላይ አዘፈኗት፤ እኛንም ተማሪዎችን በሰልፍ ወስደው አስቆሙን። አጠገቤ የቆሙት የክፍሌ ልጆች ከበሮ መቺውን እያዩ ይንሾካሾኩ ነበር። አንደኛዋ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «ጥርሱን እዪው፣ ወተት አይመስልም? አንቺስ ማንን ወደድሽ?» አለችኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «እሱኑ» አልሁ፤ ሳቁ። ከበሮ መቺውን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላየሁትም ነበር። ዓይኔ ከፊት መስመር ከቆመችው፣ የካኪ ኮፍያው ሰፍቷት ጆሮዋ ላይ ከወደቀባት ልጅ ላይ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤት እየሄድሁ፣ እኔ ከሌሎቹ ልጆች የተለየሁ መሆኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ነገርሁት። ለዚህ ነገር ስም አልነበረኝም። ስሙን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እሱም በስድብ መልክ ነበር። ያኔ የማውቀው፣ እነሱ ስለ ከበሮ መቺው ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር እኔም ውስጥ እንዳለ፣ ለእኔ ግን የሚነገር ወሬ እንዳልሆነ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዶች ሲነሣ እየዋሸሁ፣ ቀስ በቀስም ከልጆቹ እየሸሸሁ፣ የክፍል ዕረፍትን ብቻዬን ከትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር አሳልፍ ጀመር።

ኪነቱ ለዘሃራም ደግ ነገር አላመጣላትም። ልምምዱ እያመሸ መጣ። የቀበሌው ሹም ሰበብ እየፈለገ በጋሽ ሰይድ ቤት በኩል ማለፍ፣ «ጓድ ዘሃራ የት ናት?» ማለት አበዛ። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር፣ ሳሙናውን በእጇ ይዛ ውኃውን እያየች፣ «አባቴ ከእናቴ ጋር ሲንሾካሾክ ሰማሁት» አለችኝ።

«ምን ይላል?»

«እነዚህ ሰዎች ልጄን ሳይወስዱብኝ በክብር ልሸኛት ይላል። ሐሙሲት ከተማ ሱቅ ያለው ዘመዳችን አለ፣ ሚስቱ የሞተችበት። ለእሱ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን እላለሁ? ማን ጠየቀኝ?» አለችና ዘፈን ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። እኔም የጨመቅሁትን ልብስ መልሼ ውኃ ውስጥ ነከርሁት።

ክረምቱ ተመልሶ ገባ። አባቴ ከተወሰደ ዓመት ሞላው። በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ዘሃራ የተወቀጠ እንሶስላ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ወደ እኛ ቤት መጣች። እናቴ ለዱቄት ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ነበር። መጀመሪያ የእሷን እጅ ቀባሁላትና በጉሎ ቅጠል ጠቅልዬ በክር አሰርሁላት። ሁለት እጆቿን እንደ ታማሚ ወደ ላይ ይዛ፣ በራሷ እየሳቀች ተቀመጠች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ «ፀጉሬን ከዓይኔ ላይ አንሽልኝ» አለችኝ።

አነሣሁላት። እጄን ግን መመለስ አቃተኝ፤ ጉንጯ ላይ ቀረ። እንባዬ መጣ። «አትሂጂ» አልኋት። «ሐሙሲት አትሂጂ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እይዛለሁ፣ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። ከአንቺ በቀር ከማንም ጋር መኖር አልፈልግም።»

ዘሃራ መሳቋን ተወች። ከዚያ በፊት አይታኝ የማታውቅ ይመስል አተኩራ አየችኝ። ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ከእኔ አልፎ ወደ በሩ ሄደ፤ ዞር ስል እናቴ ዝናብ ያራሰውን ነጠላዋን እንደተከናነበች ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም። ፊቴን ግን አይታዋለች። ቀስ ብላ የዱቄቱን ከረጢት አስቀመጠችና፣ «ዘሃራ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች» አለቻት። እትዬ ከድጃ እንዳልፈለጓት ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ዘሃራ በቅጠል የተጠቀለሉ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

እናቴ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። መደቡ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኖቿ መሃል አድርጋ፣ ወለሉን አየች። በኋላ፣ «ሌላ ሰው ሰምቷል?» አለችኝ። «የለም» አልኋት። «አባትሽ እስር ቤት ነው፣ ሰዉ ጀርባውን ሰጥቶናል። ይህ ደግሞ ቢሰማ የት እንገባለን? ማን ቤት ያከራየናል?» አለችና፣ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንሥታ አታውቅም።

በሩ ግን ተቆለፈ። መስከረም ጠብቶ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ እናቴ አሟታል ብላ አስቀረችኝ። ስንቅ ልታደርስም ሆነ ለወረፋ ስትወጣ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ካለው ማተብ ጋር ታንጠለጥለው ነበር። እኔ ውስጥ ሆኜ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የምትገባውን የፀሐይ መስመር ወለሉ ላይ ስትሄድ እከተላት ነበር። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ የሰዎች ጫማ በመንገዱ ይጎርፍና፣ ከዚያ ዝም ይል ነበር። ከራሴ ጋር ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርሁ፤ እናቴ ስትገባ ሰምታኝ አማተበች።

የነፍስ አባታችንን ይዛ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ጠበል ረጩኝ፣ በመስቀል ዳበሱኝ፣ ከዚያ እናቴን ወደ ውጭ ልከው፣ «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ። መናገር ፈልጌ ነበር። ግን ስሙን የማላውቀውን ነገር እንዴት እነግራቸዋለሁ? አለቀስሁ። እሳቸውም ራሴ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ወጡ። በር ላይ ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ፤ «ልጅቱ አዝናለች እንጂ አልታመመችም። ፀሐይ ታግኝ፣ ሰው ታግኝ።» እናቴ እጃቸውን ስማ አመሰገነቻቸው፤ በሩን ግን አልከፈተችውም።

ዘሃራ የተዳረችው በኅዳር ነው። ከአጥሩ ማዶ ድንኳን ሲተከል፣ በሬ ሲጎተት፣ ሴቶች ሲመጡ፣ ሁሉንም በጆሮዬ ተከተልሁት። ለእኛም ጥሪ መጥቶ ነበር፤ እናቴ ልጄ ታማብኝ ብላ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቀረች። ድቤው ሲመታ ውሎ፣ ወደ ማታ ገደማ የሚሸኙበት መኪና ሞተሩን ሲያስነሣ፣ ከአጥሩ አጠገብ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ትርሲት! ትርሲት፣ አለሽ?»

ከመደቡ ዘልዬ ወደ በሩ ሮጥሁ። «አለሁ! እዚህ ነኝ!» ብዬ ጮኽሁ። እናቴ መጥታ ከኋላዬ ወገቤን ያዘችኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ በእልልታና በድቤ ግቢውን አናወጡት። ዘሃራ እንደገና ጠራችኝ። እኔም እንደገና ጮኽሁ። መኪናው ሄደ። እናቴ ወገቤን እንደያዘችኝ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አድርጋ፣ እሷም ስታለቅስ ተሰማኝ።

በማግሥቱ ቁልፉን ከአንገቷ ፈታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። «አሁን መውጣት ትችያለሽ» አለችኝ። እኔ ግን መውጣት አልፈለግሁም። ወደ ትምህርት ቤት ስትልከኝ እሄድ ነበር፣ ስመለስ መስኮቱን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ልብስ ለማጠብ ወደ ሐይቁ መሄዱንም ለእናቴ ተውሁላት።

አባቴ በሚቀጥለው ክረምት ተፈታ። ከስቶ፣ አንድ ጆሮው መስማት አቁሞ፣ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» አለ። ወደ ሥራው አልመለሱትም። ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር እቤት ይውል ጀመር፤ እሱ በአንዱ መደብ፣ እኔ በሌላው። ስላየው ነገር አይናገርም፤ እኛም አንጠይቀውም። አንድ ቀን ግን ዝናቡን እያየ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለምን አትወጪም?» አለኝ።

«የምሄድበት የለኝም፣ አባባ።»

እናቴ ምን እንደነገረችው፣ ነግራው እንደሆነም አላውቅም። ዓይኑን ከዝናቡ ሳያነሣ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ እዚያ ሳለሁ ሊያሳብደኝ የነበረው ዱላው አይደለም፣ ብቻዬን ያስቀመጡኝ ጊዜ ነው። ኋላ የሽመና ማሽኑን በሐሳቤ መፍታት ጀመርሁ። አንድ በአንድ ብሎኑን አወጣለሁ፣ አጸዳለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ስጨርስ ይመሻል። ብቻነት ሥራ ይፈልጋል፣ ልጄ። ሥራ ካልሰጠሽው አንቺኑ ይበላሻል።»

የምፈታው ማሽን አልነበረኝም። ግን አባቴ ከሚያውቀው ሰው አሮጌ የሂሳብና የፊዚክስ መጻሕፍት ለምኖ አመጣልኝና፣ ከመደብ ወደ መደብ እየተነጋገርን መሥራት ጀመርን። እሱ ለሚሰማበት ጆሮው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ እሱ በከሰል ወለሉ ላይ ይሥልልኛል። እናቴ ጥጧን እየፈተለች ታየናለች። አባቴ ከተወሰደበት ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው። ሐዘኔን አልወሰደልኝም፤ ቀኑን ግን እንድገፋው አደረገኝ።

ዘሃራን እንደገና ያየኋት ከዓመታት በኋላ፣ ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ጎንደር ስሄድ ነው። አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ለሻይ ሲቆም ወረድሁና፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በሱቆቹ ፊት ለፊት መራመድ ጀመርሁ። አንድ ልጅ አዝላ፣ አንዱ ቀሚሷን ይዞ፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ስኳር ትመዝን ነበር። እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋት። ስትለየኝ ሚዛኑን ጥላ መጣችና ተቃቀፍን፤ ከስታለች፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የለም።

«ያን ቀን ጠርቼሽ ነበር» አለችኝ ገና ሳንቀመጥ። «አልመለስሽልኝም።»

«መልሻለሁ። በሩ ተቆልፎ ነው። ሁለት ጊዜ መልሻለሁ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ እኮ የተቀየምሽኝ መስሎኝ… በአላህ፣ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ!» አለችና ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለ። አሁንም ትዘፍኛለሽ ወይ ብላት፣ ወደ ሱቁ ውስጥ ገልመጥ ብላ፣ «ለማን?» አለችኝ። ከዚያ ጣቶቼን ያዘችና፣ «እኛ እኮ እህትማማቾች ነበርን፣ አይደል? ከእናቴ ልጆችም በላይ» አለች። ከልቧ ነበር። «አዎ» አልኋት። ሌላ ምን እላለሁ? አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። የቋጠረችልኝን ስኳር ይዤ ወጣሁና፣ ጎንደር እስክንደርስ በመስኮቱ ስመለከት ሄድሁ።

የእርስ በርሱ ጦርነት ወደ እኛ አገር ሲቀርብ ያ መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት ሄጄ ሱቁን አገኘሁት፤ ሌላ ሰው ነበረበት፤ ባለቤቶቹ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም። እናቴ ከመሞቷ በፊት፣ እኔ ሳስታምማት፣ «ያኔ የቆለፍሁብሽ ጠልቼሽ አይደለም፣ ፈርቼ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ፣ እማ» አልኋት፤ እውነቴንም ነው።

ዛሬ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ በምትገኝ ትንሽ ቤት፣ ከማስተማር ጡረታ ወጥቼ፣ ብቻዬን እኖራለሁ። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራዩ ሁለት ሴት ተማሪዎች አሉ። ማታ ማታ ከካፌ ሲመለሱ ተያይዘው፣ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተደግፋ ይሄዳሉ፤ በአገራችን ጓደኛሞች እንዲህ ስለሚሄዱ ማንም ዞሮ አያያቸውም። በመካከላቸው ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠይቅምም። አንዳንዴ በሬን ያንኳኩና፣ «እትዬ ትርሲት፣ ብቻዎን ከሚቀመጡ ከእኛ ጋር ሻይ ይጠጡ» ይሉኛል። በእኔ ጊዜ ብወጣ ወሬ ነበር፣ ብናገር ጥፋት ነበር፣ እናቴም ፈርታ ትይዘኝ ነበር። አሁን ማንም አይይዘኝም። ነጠላዬን ለብሼ ወጥቼ፣ ሻዬን እየጠጣሁ፣ ሲስቁ እሰማቸዋለሁ።